ጣና ሲባል በቅድሚያ ምን ይታየናል? የምንከታተለው ሚዲያ የዓለም እይታችንን ስለሚቀርጽበት መንገድ

ሺምብጥ (ክሩን የከፈተ) | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። በቅርቡ ተማሪዎቼን «ጣና ሐይቅን ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ምንድን ነው?» ብዬ በጽሑፍ እንዲመልሱ ጠይቄያቸው ነበር። አብዛኞቹ ሳያመነቱ «እምቦጭ» ብለው ጻፉ። ከእነዚህ ውስጥ አረሙን በውኃ ላይ ተንጣሎ በዓይናቸው ያዩት እጅግ ጥቂቶች ናቸው፤ ምክንያቱም እምቦጭ በብዛት የተስፋፋው በሐይቁ ሰሜናዊና ሰሜን ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በደምቢያ፣ በጎንደር ዙሪያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል እንጂ ከተማችን በተቀመጠችበት በደቡቡ ጫፍ አይደለም። በአንጻሩ ከሆቴሎች፣ ከመኪና እጥበት ቦታዎችና ከመኖሪያ ቤቶች እየወጣ ወደ ሐይቁና ወደ ዓባይ የሚገባውን ፍሳሽ እነዚሁ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በየዕለቱ ይሻገሩታል። ይህን የጠቀሱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ይህ የልጆቹ ስንፍና አይመስለኝም። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ገደማ ቴሌቪዥኑም፣ ሬዲዮውም፣ ፌስቡኩም ስለ ጣና ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ እምቦጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ወቅት ማክስዌል ማኮምብስና ዶናልድ ሾው የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በቻፕል ሂል ከተማ፣ ማንን እንደሚመርጡ ገና ያልቆረጡ 100 መራጮችን «አሳሳቢው የአገሪቱ ጉዳይ ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀው ነበር። መልሱን መራጮቹ ከሚከታተሏቸው ጋዜጦችና ሥርጭቶች ይዘት ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ሚዲያው ብዙ ቦታ የሰጠውን ጉዳይ መራጮቹም ትልቅ ጉዳይ ብለው በተቀራራቢ ቅደም ተከተል አስቀምጠውት አገኙት። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1972 ታትሞ ለብዙ ምርምር በር ከፍቷል። ሚዲያ ስለ አንድ ጉዳይ ምን ብለን እንድናምን ማስገደድ ባይችል እንኳ፣ ስለ የትኛው ጉዳይ እንደምናስብ ይወስናል ማለት ነው።

ለውይይት የማቀርበው ይህንን ነው። በዓይናችን የምናየውና በስክሪን የምናየው ሲጋጩ ለምን ስክሪኑ ያሸንፋል? ስለ ሐይቃችን እንዲህ ከሆነ፣ ሄደን ስለማናያቸው አገሮችና ሕዝቦች ያለን ሥዕል ከየት የመጣ ነው?

---

የደምቢያ ልጅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

መምህር፣ ጥያቄዎ ጥሩ ነው፤ አቀራረብዎ ግን ቅር አሰኝቶኛል። የተወለድኩት ጣና ዳር፣ በሰሜኑ በኩል ነው፤ አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ቢሆንም ወላጆቼ እዚያው ናቸው። እምቦጭ የሚዲያ ፈጠራ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የእኛ ሰዎች አረሙን ያወቁት በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ካሜራ ይዞ የመጣ ሰው አላየንም። ከብት የሚሰማራበትን ሣር ሸፈነ፣ ጀልባ የሚገባበትን መንገድ ዘጋ፣ ውኃው ሲሸሽ የሚታረሰውን መሬት ያዘ። ገበሬው ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ዓመታት አልፈዋል። ሚዲያው ዘግይቶ ደረሰ እንጂ ያለ ጉዳይ አላጮኸም።

ይልቅስ ሚዲያው ስለ መጣበትና ስለ ሄደበት ሁኔታ እንነጋገር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአንድ ወር ዘመቻ ታውጆ ነበር። በየዕለቱ ስንት ሄክታር እንደጸዳ ይነገር ነበር፤ ከየከተማው ሰው በአውቶቡስ እየተጫነ ይመጣ፣ ፎቶግራፍ ይነሣ ነበር። ጥቅምት 24 ቀን ጦርነቱ ተጀመረ፤ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። መዞሩ ይገባኛል፣ ሰው እየሞተ ስለ አረም ይወራ የሚል የለም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር የማገኘው ሰው ሁሉ «እምቦጩ ጠፋ አይደል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ከዜና የጠፋው ሁሉ ከምድር የጠፋ ይመስለዋል። ለእኔ የሚዲያ ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ነው፤ ከሚያሳየው ይልቅ ማሳየት ባቆመው ነገር።

---

ከፔዳ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡20

በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ሁለታችሁም ስለ ሚዲያ ትኩረት መብዛትና ማነስ ነው የተናገራችሁት፤ እኔ ግን የተነገረበት መንገድ ከመጠኑ ይበልጥ የሚከነክነኝ ሰው ነኝ። ሮበርት ኤንትማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ጽሑፍ ማንኛውም ዘገባ ከእውነታው ጥቂቱን መርጦ በማጉላት አራት ነገሮችን ሊሠራ እንደሚችል አሳይቷል፦ ችግሩ ምን እንደሆነ ይወስናል፣ ምክንያቱን ይጠቁማል፣ ጥፋተኛውን ይለያል፣ መፍትሔውንም ያመላክታል።

እምቦጭን በዚህ ዓይን እንየው። በዘገባዎቹ ውስጥ አረሙ «መጤ»፣ «ወራሪ»፣ «ጠላት» ነበር። ከደቡብ አሜሪካ የመነጨ ተክል ስለሆነ መጤነቱ እውነት ነው። ጠላት ከተባለ ግን መፍትሔው አብሮ ተወሰነ ማለት ነው፤ ጠላት የሚመከተው በዘመቻ ነዋ። ስለዚህ ዘመቻ ተደረገ። የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች የሚነግሩን ደግሞ ሌላ ነው። እምቦጭ በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን፣ ዘሩም በደለል ውስጥ ተቀብሮ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት የሚቆይ ተክል ነው፤ የሚመቸውም ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የበዛበት ውኃ ነው። እነዚህ ከየት ይመጣሉ? ከተሸረሸረ የእርሻ አፈር፣ ከማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከከተማ ፍሳሽ።

ስለዚህ መምህር፣ የተማሪዎችዎ መልስና እርስዎ የጠበቁት መልስ ተፎካካሪ አይደሉም፤ የአንድ ነገር ሁለት ጫፎች ናቸው። ዘገባው ግን ሁለቱን ለያይቶ አንዱን በፊት ገጽ፣ ሌላውን በማዘጋጃ ቤት ጉዳይ አምድ ውስጥ አስቀመጣቸው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ስለ ገዛ ሐይቁ ያለው ግንዛቤ እንዲህ ከተሰነጠቀ፣ ተጠያቂው አንድ የሐሰት ዜና አይደለም። እያንዳንዱ ዘገባ ለብቻው ሲመዘን እውነት ሊሆን ይችላል።

---

አሮጌው ራዲዮ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡50

ልጆቼ፣ በጡረታ ላይ ያለሁ ሰው ነኝ፤ በጠዋት ተነሥቼ አነበብኳችሁ። የፔዳዋ ልጅ ያነሣችው ነገር አንድ የቆየ ታሪክ አስታወሰኝ።

የወሎ ረሃብ በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ በጆናታን ዲምብልቢ ዘገባ ለዓለም ታየ። እዚያ አገር ፊልሙን ያየ ሰው አዘነ፣ ገንዘብ አዋጣ። ያው ፊልም ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በእኛው ቴሌቪዥን ታየ። በዚህ ጊዜ ግን ብቻውን አልነበረም፤ በተራቡት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ተሰክቶበት ነበር። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የረሃብተኞቹ ምስል በሁለቱም ቦታ አንድ ነበር። በአንዱ አገር እርዳታ አሰባሰበ፣ በሌላው የንጉሠ ነገሥቱን መውረድ ለሕዝብ አዘጋጀ። ልዩነቱ አጠገቡ ምን እንደተቀመጠ ነው። እኔ ያን ማታ ቴሌቪዥን አላየሁም፤ በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ስንት ነበርና! ሆኖም ያዩት ለሌላው አወሩ፣ ያልታየውም እንደታየ ሆኖ ተወራ።

ደግሞ ስለ ሬዲዮ ልበል። በእኛ ጊዜ ብስራተ ወንጌል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራ ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 መጣ። ማታ ድምፁን ዝቅ አድርገን፣ በሩን ዘግተን፣ መንግሥት ምን አለ፣ እነዚያስ ምን አሉ እያልን እናስተያይ ነበር። ሁሉም የራሱ ጌታ እንዳለው እናውቅ ነበር። የአሁኑ ትውልድ የሚሰማው ድምፅ ከእኛ እጅግ ቢበዛም ሲያስተያይ ግን አላየውም።

---

የጣና ሞገድ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡15

በጣም ቁም ነገር ውስጥ ገብታችኋል፤ እኔ ከኳስ ልነሣ። ባሕር ዳር ከነማ በ2011 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ ከተማዋ ደምቃ ነበር። ሆኖም ዛሬ በየሰፈሩ ካሉት የዲ ኤስ ቲቪ ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ የአርሴናልን ወይም የማንቸስተር ዩናይትድን ተቀያሪ ተጫዋቾች ጠይቁ፤ ከነአያቶቻቸው ይነግሯችኋል። የከነማን ቋሚ አሰላለፍ ብትጠይቁ ግን ግማሹ ጣራ ጣራ ያያል። ስታዲየሙ በእግር በሚደረስበት ቦታ ሆኖ ማለት ነው! ቅርብና ሩቅ የሚባለው ነገር በኪሎ ሜትር መለካቱ ቀርቶ በሳምንት ስንት ጊዜ ታየ በሚለው ሆኗል።

---

ልብስ ሰፊዋ ከአባይ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ጤና ይስጥልኝ። እኔ የተማርኩት ብዙ አይደለም፤ ከሰው ጋር የሚያውለኝ ሥራ ስላለኝ ግን ያየሁትን ልናገር። ቃና ቴሌቪዥን በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ ገቡ። ደንበኞቼ ስልካቸውን አውጥተው «እንደዚችኛዋ አድርጊልኝ» ይሉኛል። ይህ ቀላሉ ነው፤ ፋሽን ድሮም ከሌላ አገር ይመጣ ነበር። የሚገርመኝ ሌላው ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ አማትና ምራት ሲነጋገሩ፣ ልጅ ከአባቷ ጋር ስትከራከር «እዚያ ላይ እኮ እንዲህ አለችው» እየተባለ ሲጠቀስ እሰማለሁ። አንዳንዱ መልካም ነው፤ ቀድሞ ሴት ልጅ አፏን ዘግታ የምትቀበለውን ነገር ዛሬ «ለምን?» ብላ ትጠይቃለች። አንዳንዱ ደግሞ ያሳስበኛል። በድራማው ውስጥ ሥራ ሲሠራ የሚታይ ሰው የለም፤ ሁሉም በባሕር ዳርቻ ግቢ ውስጥ ይኖራል። ልጆቹ ኢስታንቡል በሙሉ እንደዚያ ይመስላቸዋል፤ ከዚያ የእናታቸውን ቤት ሲያዩ ያፍራሉ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ድራማ ሰውን በእውነት ይለውጣል ወይስ የሚለወጠው ሰው ድራማውን ምክንያት ያደርገዋል?

---

ከፔዳ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡10

እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ተመራማሪዎችንም ለረጅም ጊዜ ያከራከረ ነው። ድራማ የሚያይና የማያይ ሰው ቀድሞውንም የተለያዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሁለቱን ማነጻጸር ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። ስለዚህ አንዳንዶች ብልኃት ፈለጉ። በብራዚል የአንድ ትልቅ ጣቢያ ሥርጭት ወደ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የደረሰው በተለያየ ዓመት ነበር፤ በዚያ ጣቢያ ድራማዎች ውስጥ የሚታዩት ቤተሰቦች ደግሞ በአብዛኛው ትንንሽ ነበሩ። ሥርጭቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች የሴቶች የወሊድ መጠን ካልደረሰባቸው ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። በሕንድ ደግሞ የኬብል ቴሌቪዥን የገባባቸው መንደሮች ሴቶች፣ ባል ሚስቱን መምታቱ ተቀባይነት አለው የሚለውን አስተሳሰብና ከሴት ልጅ ወንድ ልጅን የመምረጥን ዝንባሌ መቀነሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የሮበርት ጄንሰንና የኤሚሊ ኦስተር ጥናት አሳይቷል። ማንም አልሰበካቸውም፤ ሌላ ዓይነት ኑሮ በየማታው አዩ እንጂ። በአገራችንም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ የተሠራው ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ የሕዝቡን ልማድ እንዲለውጥ ታስቦ ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የሳበው ግን የሩዋንዳው ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. በተፈጸመው የዘር ማጥፋት አር ቲ ኤል ኤም የተባለው፣ ጥላቻን የሚሰብክ የሬዲዮ ጣቢያ የነበረውን ሚና ሁላችንም ሰምተናል። ከዓመታት በኋላ በዚያው አገር ስለ ዕርቅ የሚተርክ የሬዲዮ ድራማ ተሠራ። ኤሊዛቤት ሌቪ ፓሉክ የተባለች ተመራማሪ ገሚሱ ማኅበረሰብ የዕርቁን ድራማ፣ ገሚሱ ደግሞ የጤና ድራማ ለአንድ ዓመት እንዲያዳምጥ አድርጋ ውጤቱን አነጻጸረች። የአድማጮቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው «ሌሎች ሰዎች ምን ያስባሉ፣ እንዴትስ መኖር ይገባል ብለው ያምናሉ?» ለሚለው የሚሰጡት ግምት ነበር፤ ከዚያም ጋር አንዳንድ ተግባሮቻቸው ተለወጡ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ የምሰጠው መልስ እንዲህ ነው፦ ድራማው በቅድሚያ የሚለውጠው የደንበኛሽን ልብ ላይሆን ይችላል፤ ጎረቤቶቿ ምን እንደሚያስቡ ያላትን ግምት ነው የሚለውጠው። ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሚኖረው በዚያ ግምት ነው።

ለአሮጌው ራዲዮ አንድ ነገር ላክል፤ ጋሼ፣ ያላዩት ሰዎች ከአዩት ሰምተው እንዳወሩ የጻፉት ትዝብትዎ በጥናትም የተደገፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በኦሃዮ ግዛት በኢሪ አውራጃ ባካሄዱት ጥናት፣ ብዙ ሰው የምርጫውን ወሬ በቀጥታ ከሬዲዮና ከጋዜጣ ሳይሆን ከሚያምነው ጎረቤቱና የሥራ ባልደረባው እንደሚቀበል ደርሰውበታል። እኛ አገር ይህ የሚሆነው ቡና ላይ፣ በዕድርና በማኅበር ነው።

---

የፖሊ ምሩቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡45

እስካሁን የተነሣው ሁሉ አዘጋጅ ስላለው ሚዲያ ነው፤ ጋዜጣ፣ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን። አሁን የእኔ ቢጤ ሰው ዓለምን የሚያይበት መስኮት ግን አዘጋጅ የለውም። ቅደም ተከተሉን የሚያወጣው የኮምፒውተር ቀመር (አልጎሪዝም) ነው። ፌስቡክ በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ቀመሩን ቀይሮ ሰዎች አስተያየት የሚጽፉበትንና የሚያጋሩትን ይዘት ወደ ላይ ማውጣት ጀመረ። ሰውን በፍጥነት አስተያየት የሚያስጽፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቁጣ ነው። የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቃሏን ስትሰጥ ይህን ስታነሣ፣ ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳለች። ከእንግሊዝኛ ውጪ ባሉ ቋንቋዎች የሚደረገው ቁጥጥር ደካማ መሆኑንም ተናግራለች። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 የሚቀጣው የተናገረውን ሰው ነው፤ የተናገረውን መርጦ ለሚሊዮኖች የሚያቀርበው ቀመር ግን በአሜሪካ ነው ያለው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ በተቋረጠ ጊዜ የታዘብኩትን ልጨምር። አንዳንድ ሰዎች «ማኅበራዊ ሚዲያ ከጠፋ ሐሜቱ ይቀንሳል» ይሉ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። በገዛ ከተማችን፣ ሁለት ሰፈር አልፎ ስለሆነው ነገር፣ ከዋሽንግተን የሚደውል ዘመድ ይነግረን ነበር። እሱ ደግሞ ያየው ቀመሩ መርጦ ያሳየውን ነው። ማረጋገጥ የምንችለው እኛ የማጣሪያ መንገድ አጣን፤ ማረጋገጥ የማይችለው እሱ የዜና ምንጫችን ሆነ። በዚያ ላይ ሲደውል እያለቀሰ ስለሆነ አትጠራጠረውም። እናትህ ዘንድ ደውሎ «ልጅሽ ከቤት እንዳይወጣ» ይላል፤ በቃ፣ የቤተሰቡ የዕለት ውሎ ተወሰነ።

---

አሮጌው ራዲዮ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡30

ልጄ፣ ይህ እውነት ነው፤ በእኛም ቤት ተደውሏል። እኔ ግን ያን ጊዜ ትንሿን ሬዲዮ ከሣጥን አውጥቼ አጭር ሞገዱን ፈለግሁ። የልጅ ልጆቼ አጠገቤ ተቀምጠው ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋቸው።

---

ከፔዳ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡00

የፖሊው ወንድሜ ስለ ፍርሃት ያነሣው ነገር አንድ የቆየ ክርክር ውስጥ ያስገባናል። ጆርጅ ገርብነር በፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ባካሄደው ጥናት፣ ቴሌቪዥን አብዝተው የሚያዩ ሰዎች ከማያዩት ይልቅ ዓለምን አደገኛ፣ ሰውንም የማይታመን አድርገው እንደሚገምቱ ጽፏል። ዛሬም ሰው ሁሉ ይህን ይጠቅሳል። ብዙ የማይጠቀሰው መልሱ ነው። አንቶኒ ዱብና ግሌን ማክዶናልድ እ.ኤ.አ. በ1979 በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ተመሳሳይ ጥያቄ ጠየቁ፤ ነገር ግን ሰዎቹ የሚኖሩበት ሰፈር በእርግጥ ምን ያህል ወንጀል እንዳለበት አብረው መዘኑ። ይህ ሲታሰብ በቴሌቪዥንና በፍርሃት መካከል የነበረው ዝምድና በአብዛኛው ጠፋ። ብዙ ወንጀል ባለበት ሰፈር የሚኖሩት ሰዎች ይፈሩ ነበር፤ እነርሱው ቴሌቪዥንም ያበዙ ነበር። የፈሩት ግን በቂ ምክንያት ስለነበራቸው ነው።

ይህን የማነሣው በክልላችን ያለውን ችግር «የስክሪን ፍርሃት ነው» ብሎ የሚያቃልል ሰው እንዳይኖር ነው። በጥይት ድምፅ ያደረ ሰው ፍርሃቱን ከስልክ አልተማረውም። የሚዲያ ጥናት የሚጠቅመን የሰውን ልምድ ለመካድ ሳይሆን፣ ከልምዱ አልፎ ስለማያውቀው ሰውና ስፍራ ያለው ግምት ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ይመስለኛል። የሌላ ክልል ነዋሪ ስለ እኛ፣ እኛም ስለ እርሱ ያለን ሥዕል በአብዛኛው የተሠራው ምንም ባልተገናኘንበት ጊዜ ነው።

---

የዘጌ አስጎብኚ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

ፔዳዎች «ያልተገናኘንበት ጊዜ» ላሉት እኔ ምስክር ነኝ። ሥራዬ እንግዶችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ መውሰድ ነው። ሰላም በነበረበት ጊዜ ከአውሮፓ የሚመጡ ጎልማሳ እንግዶች ከወደቡ ወጥተን ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንቀዝፍ ሳሉ አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ ነበር፦ «ይህን ያህል ውኃ አለ ብለን አላሰብንም።» ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሐይቅ ላይ ተቀምጠው! መጀመሪያ ይገርመኝ ነበር፤ ኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ልጆች ሳሉ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.፣ ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ስለ ረሃቡ ከኮረም የላኩት ዘገባ በቢቢሲ ታይቷል። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ 13 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለረሃቡ እርዳታ «ላይቭ ኤይድ» የተባለው ታላቅ ኮንሰርት ተዘጋጀ። ዘገባው የብዙ ሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህንን ማንም አይክድም። ኮረም ግን በእነርሱ አእምሮ ውስጥ የኢትዮጵያ ሌላ ስም ሆና ቀረች። ኮረምን ማየት ጣናን እንዳላዩ አደረጋቸው።

መምህሩ «ስክሪኑ ለምን ያሸንፋል?» ብለው ጠይቀዋል። እንግዶቼ ሐይቁን በዓይናቸው ካዩ በኋላም ብዙዎቹ ያደረጉት «ይህ ግን ለየት ያለ ቦታ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ነበር። በልጅነታቸው የተሳለውን ሥዕል አላፈረሱትም፤ ጣናን ከሥዕሉ ውጪ እንደ ልዩ ሁኔታ አስቀመጡት። ለመምህሩ ተማሪዎችም ፍሳሹ ምናልባት እንዲሁ «የእኛ ሰፈር ችግር» እንጂ «የጣና ችግር» አልሆነላቸውም። ጣና የሚባለው በቴሌቪዥን የሚታየው ነው።

---

ሺምብጥ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡10

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአስጎብኚው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ሌሊቱን የሚያስተኛኝ አይመስለኝም። የደምቢያ ወንድሜ ቅሬታም ተገቢ ነው፤ ጥያቄዬ «ከሁሉ በላይ» በማለቱ ብቻ ልጆቹን በሁለት እውነቶች መካከል አስመርጧቸዋል።

ትምህርቱን ልቀጥልበት አስቤአለሁ። ተማሪዎቹ ስለ ጣና የሚያውቁትን አምስት ነገር ጽፈው፣ ከእያንዳንዱ ጎን «ይህን ያወቅሁት ከማን ነው?» የሚለውን እንዲሞሉ አደርጋለሁ፤ ከዓይኔ፣ ከዘመድ፣ ከሬዲዮ፣ ከቲክቶክ፣ ከመጽሐፍ እያሉ። የፔዳዋ እህቴ በዚህ ላይ የምትለው ካለ እጠብቃለሁ። ሌላው ጥያቄ ለደምቢያው ነው፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ጥቂት ተማሪዎችን ይዤ ወደ እናንተ ብመጣ የትኛው ወር ይሻላል?

---

ከፔዳ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

መምህር፣ ምንጩን ከመጠየቅዎ በፊት እያንዳንዱን ነገር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ ያስጽፏቸው። ምንጩን ካስታወሱ በኋላ ከሆነ እርግጠኝነታቸውን ያስተካክሉታል። እኔ ለማየት የምጓጓው፣ ልጆቹ ይበልጥ እርግጠኛ የሚሆኑት በዓይናቸው ባዩት ላይ ነው ወይስ ደጋግመው በሰሙት ላይ የሚለውን ነው። «አላስታውስም» የሚል ሳጥንም ይጨምሩላቸው፤ ብዙው መልስ የሚገባው እዚያ ውስጥ ይመስለኛል።

---

የደምቢያ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡35

መምህር፣ በደስታ እንቀበላችኋለን። በጥቅምት ግን አትምጡ፤ በጥቅምት ሁሉም ይመጣል። ክረምቱ ሳያልቅ፣ በነሐሴ፣ የመገጭ ወንዝ ሞልቶ ወደ ሐይቁ ሲገባ ኑ። ውኃው ቡናማ ሆኖ ነው የሚገባው፤ አፈሩንም ማዳበሪያውንም ተሸክሞ። የፔዳዋ ልጅ የጻፈችውን የአረሙን ምግብ ያን ጊዜ በዓይናችሁ ታያላችሁ፤ አንድም ካሜራ ግን አታገኙም፣ በዚያ ሰዓት ለፎቶግራፍ የሚሆን አረንጓዴ ነገር የለምና። ከቻላችሁ ደግሞ በጥር ሌላ ቡድን ላኩ፤ ውኃው ሲሸሽ አረሙ የት እንደቀረና ገበሬው ከመዝራቱ በፊት ምን እንደሚያደርገው ያያል።

አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ወደ መንደራችን የመጣ ጋዜጠኛ ሁሉ አባቴን የሚጠይቀው «ዛሬ ስንት ሄክታር ጸዳ?» እያለ ነበር። «ያለፈው ዓመት ያጸዳችሁት ቦታ ዘንድሮ እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀው የለም። ተማሪዎችዎ ሲመጡ ይህችን ጥያቄ በማስታወሻቸው ላይ ጽፈው ይያዙ፤ አባቴ ለመመለስ ጊዜ ይወስድ ይሆናል፣ ቦታውንም እየዞረ ካላሳየ አይናገርምና ቦቲ ጫማ ይዘው ይምጡ።